ሽማግሌ ቆሞ፣ ድምፅ ክፍል ገብቶ

ጋሽ አንሙት ቋሚ መምህር ሆነው አያውቁም፤ ድምፃቸውን በሰዓት ሂሳብ ለሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ያከራያሉ። ድምፁ ሲያስተምር እሳቸው ቤታቸው ሽንኩርት እየከተፉ፣ ከልጃቸው ከሜላት ጋር ይውላሉ። ምን ያደርጋል፣ ጨው አቀብይኝ ለማለት እንኳ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አለባቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሜላትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉ አባት በአፉ «ተቀመጡ» ካላለ አይቀመጡም። ጋሽ አንሙት ሰሌዳቸውን አነሱ።

«ኧረ በጽሑፍ የተሰጠች ልጅ አናውቅም!» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ጉልበታቸውን እያሹ። «ድምፅዎ የት ሄደ?»

«ስታትስቲክስ እያስተማረ ነው፤ ሲመሽ ይመለሳል» አለች ሜላት ከጓዳ።

«እስከዚያ እንደ ምሰሶ ተተክለን?»

ድምፁን ከክፍል መሃል የጠራ መምህር ለሚቀጥለው ሴሚስተር ውል አያገኝም። ጋሽ አንሙት ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ወደ ጓዳው አዩ፤ አንገታቸው ላይ ያለችውን መጥሪያ ተጫኑ። ድምፃቸው ሻክሮ፣ ደክሞ ከች አለ።

«ስለዚህ አማካዩን ስናወጣ...» አሉና በሳቅ ፈረሱ። «ተቀመጡ! ኧረ በሞቴ ተቀመጡ!»

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ።

«አንቺ ልጅ፣ ገና መቼ ተሰጠሽና?» አሉ ሽማግሌው ወንበር እየሳቡ።

«ለሠርጉ አይደለም! የአባዬን ድምፅ በቀን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።»