ወደ ግራ የተጠመዘዘው ሽቦ

"ማነው ይሄን ጉድ የሠራው?"

ሕዝቅያስ ከኮፈኑ ሥር ቀና ሳይል ነበር የጠየቀው።

የሚዛን ከተማ ሰው መኪና ሲያስቸግረው ወደ መናኸሪያው ጀርባ፣ ወደ ሕዝቅያስ ጋራዥ ነው የሚሄደው። እጁ መልካም ነው፣ አይካድም… ችግሩ አፉ ነው። ገና ካንዴላ ሳይፈታ፣ ከሱ በፊት መኪናውን የነካውን መካኒክ በማማት ነው የሚጀምረው።

ያን ቀን የመጣችው ሐያት ናት… ከቴፒ ቅመም እያመጣች ሚዛን ገበያ የምትቸረችር ነጋዴ።

አሮጌ ሰማያዊ ኮሮላዋ ስትሄድ ደህና ናት። ጉዱ ስትቆም ነው… ሚኒሞ አትይዝም። ቆማ ስትሠራ ሞተሩ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥና ድርግም ይላል።

"የሸጠልኝ ሰውዬ፣ አማን ከተማ ጋሽ ጌታሁን ጋ ነው የተሠራችው ብሎኛል" አለች።

ሕዝቅያስ ሳቀ።

ጋሽ ጌታሁን እኮ ሙያውን ያስተማሩት ሰው ናቸው!

"ሽማግሌው ዓይኑ ከፈዘዘ ቆየ። እሱ ጋ መኪና ከመስጠት ገደል መክተት ይሻላል" አለ።

ዙሪያውን የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች በሳቅ ፍርስ አሉ።

ቀልዱ አዲስ አልነበረም። ሕዝቅያስ የራሱን ጋራዥ ከከፈተ ጀምሮ ይደጋግመዋል። ወሬው በባጃጅ እየተሳፈረ አማን ገባ… የጋሽ ጌታሁን ደንበኞችም አንድ በአንድ እየራቁ ሄዱ።

ሕዝቅያስ ካንዴላዎቹን አየ… ደህና ናቸው። ካርቡራተሩን አጸዳ… ለውጥ የለም። ከካርቡራተሩ ኋላ የተደበቀች አንዲት እንደ ቱቦ ያለች ቀጭን የአየር ጎማ በጣቱ ጭምቅ ሲያደርጋት ግን ሞተሩ ረጋ አለ።

አገኛት።

ጎማዋ ተሰንጥቃለች፤ ሞተሩ በስንጥቁ በኩል ያለልክ አየር ይስባል። የሠራት ሰው በአዲስ በመቀየር ፈንታ በናስትሮ ጠቅልሎ በሽቦ አስሯታል።

"እዩልኝ የጌታሁንን ሥራ" አለ።

ብሩህ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ልርዳህ ብሎ ፒንሳውን ተቀበለ። ሽቦውን ሊፈታ ሲያዞረው… ጭራሽ ጠበቀ። ደግሞ ሞከረ፤ ባሰ።

"ወዲህ በል" ብሎ ሕዝቅያስ ፒንሳውን በግራ እጁ ያዘ። በተቃራኒው አቅጣጫ አንዴ ሲያዞረው ሽቦው ተፈታ።

"ይገርማል" አለ ብሩህ፣ ክፋት ሳያስብ። "ያሰረውም ሰውዬ እንዳንተ ግራኝ ነው መሰለኝ።"

ጋሽ ጌታሁን ግራኝ አይደሉም።

በዚያ ጋራዥ ግራኝ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው…

ሕዝቅያስ የኮፈኑን ጠርዝ በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ከሰማያዊው ሥር ነጭ ቀለም ብቅ አለ።

አስታወሳት።

ያኔ ገና ሥራ ተማሪ ነበር። ጋሽ ጌታሁን ለለቅሶ ማሻ ሲሄዱ፣ አዲስ ጎማ ይዤ እስክመለስ ነጯን ኮሮላ እንዳትነካት ብለውት ነበር። ባለመኪናው ሲቸኩል ጊዜ ግን ጎበዝ መባል አማረው። ጠቀለለ፣ አሰረ፣ "ቀይሬልሃለሁ" ብሎ ሸኘው። ጋሽ ጌታሁን ሲመጡ ደግሞ ሰውዬው አልጠብቅም ብሎ ወሰዳት አላቸው።

አሁንስ? አሁንም ዝም አለ።

አዲስ ጎማ ገጠመላት፤ ኮሮላዋ ጸጥ ብላ መሥራት ጀመረች። ሐያት መረቀችው። ሾፌሮቹ ጌታሁን መጥቶ ካንተ ይማር አሉ። እሱም እያፈረ ሙገሳውን ዋጠው።

ከሰዓት በኋላ አሮጌዋን ጎማ ኪሱ ከቶ አማን ሄደ።

በጋሽ ጌታሁን ግቢ ድሮ መኪና ተሰልፎ ይቆምበት የነበረው ቦታ ሣር በቅሎበታል። እሳቸው ብቻቸውን የሰው የቡና መፈልፈያ ሞተር ይጠጋግናሉ።

ጎማዋን አውጥቶ ፊታቸው አስቀመጣት።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ያኔ ዋሽቼዎት ነበር።"

አገላብጠው አዩዋት።

"አውቃለሁ እኮ። ባለመኪናው መንገድ ላይ ቆማበት ደወለልኝ። የትኛው መናጢ ነው የሠራት ብሎ ሲሳደብ፣ እኔ ነኝ አልኩት። መልሰህ አምጣት ብዬ ብለምነውም፣ ዳግመኛ ደጅህን አልረግጥም አለኝ።"

"ለምን እኔ ነኝ አሉ?"

"አንተ ያኔ ገና ስም ልታወጣ ነበር። እኔ ስም ነበረኝ።"

ነበረኝ…

ሕዝቅያስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። በየቀኑ ሰው ፊት ሲላቸው የኖረውን ሊናዘዝ አፉን ሲከፍት፣ ጋሽ ጌታሁን ሞተራቸው ላይ እንዳቀረቀሩ "እሱንም ሰምቻለሁ" አሉት።

በማግስቱ ጠዋት የባጃጅ ሾፌሮቹን ሰብስቦ፣ ያቺን ጎማ ያሰርኳት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ጌታሁን እጃቸው የለበትም አላቸው።

ሳቁ።

"ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ቀልድ አመጣህ?" አለው ብሩህ።

ሐያት ጋ ደወለ። ሁሉንም ነገራት። እሷ ግን፣

"ምነው… ሽማግሌው አስፈራራህ እንዴ?" አለችው።

ሐሜቱን ያለ ማስረጃ ያመኑት ሰዎች፣ እውነቱን ከባለቤቱ አፍ ሰምተውም አላመኑትም።

ወዳጆቼ… የተሰነጠቀ ጎማ በአዲስ ይቀየራል። የሰው ስም ግን መቀየሪያ የለውም። ያጠፋው ሰው ራሱ ቆሞ ቢመሰክር እንኳ እንደ ድሮው አይሆንም። "ማነው ይሄን ጉድ የሠራው?" ከማለታችን በፊት የገዛ እጃችንን እንመልከት።

እናንተስ… የእናንተን ጥፋት በራሱ ስም ተሸክሞ ዝም ያለላችሁ ሰው አለ?

ምን እንደሆነ መናገር ቢያሳፍራችሁ እንኳ… ስሙን ብቻ ኮሜንት ላይ ጻፉለት።