ስፖኪዮ የሌለው ሞተር

የምስራች ዳገቱን ጨርሳ ሞተሩን አቆመችና፣ «አዩልኝ አባዬ፣ ከአንበሳሜ እዚህ ድረስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብን!» ብላ ዞረች። ከኋላዋ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

ይህን ባለአራት ጎማ ሞተር ከዓረብ አገር እንደተመለሰች የመረጠችው ራሷ ነበረች። ለጭቃው ባለጥርስ ጎማ፣ ለእህሉ የብረት መጫኛ አስገጥማለታለች፤ ስፖኪዮዎቹን ግን የመንገዱ ቁጥቋጦ ይሰብራቸዋል ብላ አስፈታቻቸው። «ከእንግዲህ በቅሎ ምን ያደርግልዎታል?» ብላ የአባቷን በቅሎ ያስሸጠችውም እሷው ናት። ቅድም ማርያም ደጃፍ ሲደርሱ፣ መኪና ላይ እንደለመደችው አንገቷን ሰበር አድርጋ ልታልፍ ስትል፣ አባቷ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። የፈሩ መስሏት «አይዞዎት!» ብላ ጮኸችና ነዳጅ ሰጠችው። ወዲያው ሞተሩ ቀለል ሲለው፣ ጉልበቱን አድንቃ ነበር።

አዙራ ቁልቁል በረረች። አባቷ ከቤተክርስቲያኑ አጥር ሥር እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል፤ ባርኔጣቸውን ግን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል።

«ዘለው ወረዱ? ምነው አባዬ!» እያለች እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«ማርያምን ሳልወርድ አልፌያት አላውቅማ» አሉ። የጠፋ ነገር የሚፈልጉ ይመስል ሞተሩን ከፊት እስከ ኋላ አዩትና፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «በቅሎዋ እኮ ልጄ፣ እዚህ ስትደርስ ራሷ ነበር የምትቆመው» አሏት።