ድምፁ የተቀየረው እንግዳ

ታክሲ ውስጥ ሆዷን ይዛ እየተቁነጠነጠች ፖድካስት ታዳምጣለች። የዛሬው ክፍል የማይድን በሽተኛ ስለሚያስታምሙ ሰዎች ነው። እንግዳው እንዳይታወቅ ድምፁ ተቀይሯል።

«ሐኪሙ ሚስትህ ከሁለት ወር አታልፍም አለኝ» ይላል። «እኔ ግን ጨጓራ ነው አልኳት። እንዴት ብዬ ልንገራት?»

«ወይ ድፍረት! በሰው ሞት ላይ ማን ሾመው?» አለች ሳታስበው ጮክ ብላ። ተሳፋሪዎቹ ዞረው አዩዋት።

ልታጠፋው ስትል ከሰውየው ኋላ የሕፃን ድምፅ ተሰማ፤ «አባዬ፣ ኤሊያችን ጎመኑን ደግሞ በላችው!»

ወደ ኋላ መልሳ ሰማችው። አሁንም መለሰችው።

ቤቷ ስትደርስ ኤሊዋ ጎመኑ መሃል ናት። ባሏ ከበሩ ተቀበላት።

«ጨጓራሽ እንዴት ዋለ?»

አየችው። ከስቷል።

«ዛሬስ ተሽሎኛል» አለችው።