ከጭረቷ ወዲያ

በሩ ሲከፈት ቨርኒታ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የምትደብቅበት ጊዜ አላገኘችም። መጽሔቱን ሠላሳ አራት ዓመት የመሩት ሚስ ኦዴሳ ከሆስፒታል ተነሥተው ይመጣሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። የተዘረጋው የፊት ሽፋን ደግሞ የራሳቸው ነበር፦ ትልቅ ፎቷቸው፣ ከሥሩ የትውልድ ዓመታቸውና አንዲት ጭረት፣ ከጭረቷ ወዲያ ባዶ። ታዋቂ ሰው ክፉኛ ሲታመም የሐዘኑን ሽፋን አስቀድሞ መሥራት የቤቱ ልማድ ነው። ያስተማሯትም እሳቸው ነበሩ።

የቺካጎ ነፋስ ያጣመመውን ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ጎንበስ አሉ። «ጭንቅላቴ የመጽሔቱን ስም ሸፍኗል።»

«ለክብር ብዬ ነው፣ ሚስ ኦዴሳ። ስሙንማ ማን ያጣዋል?»

«ሴናተሩ ሞቶ ሽፋናችን ላይ ወጣ፣ ቦክሰኛውም ወጣ፤ የማንም አናት ስማችንን ነክቶ አያውቅም። እኔ ምን ቤት ነኝ? አውርጂኝ!»

ቨርኒታ ፎቶውን ከሙጫው ላጠችና ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጋ ለጠፈችው። ቀዩ ስም ከዳር እስከ ዳር ወጣ።

«አሁን መጽሔት መሰለ» አሉ።

ቨርኒታ ተነፈሰች። «ለነገሩ ሲድኑ ቀድጄ እጥለዋለሁ።»

ሚስ ኦዴሳ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ሰማያዊ እርሳስ ቀስ ብለው ወሰዱ።

«ባዶ ቦታ ያለው ገጽ ማተሚያ ቤት አይሄድም ብዬሽ አልነበር፣ ልጄ?» አሉና ከጭረቷ ወዲያ የዘንድሮውን ዓመት ጻፉበት።