መሸኛ ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት

«እማ… ባናው ከበደኝ፤ አንመለስ?»

«ዝም ብለሽ ተራመጂ እስከዳር! በዚህ በመንዝ ብርድ ያለ ባና ልትተኚ ነው?»

ልጄን ከተማ ላስገባት እየወሰድኳት ነበር…

ስምንተኛን አልፋለች። የመንደራችን ትምህርት ቤት ደግሞ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ከፍቷል። ከቤታችን ሩብ ሰዓት አይሞላም።

እኔ ግን አላመንኩትም። ግድግዳው ጭቃ… አጥር የለው፣ በር የለው…

የከተማው ግን ፎቅ ነው! ስሙ ይቆየን።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። የኔ ዕጣ እንዳይደርሳት ብዬ፣ በአሥራ አራት ዓመቷ ቤት ተከራይታ፣ በየገበያው ቀን ስንቅ እየላክሁላት እንድትማር ቆረጥኩ። ባናውንም ሱፉን ራሴ ፈትዬ ነው ያሠራሁላት።

እሷን አልጠየቅኳትም። ልጅ ምን ያውቃል ብዬ…

ወንዙ ጋ ስንደርስ የክረምቱ ውኃ ገና አልጎደለም።

ከማዶ አንድ ሰውዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ የእስከዳር እኩያ የምትሆን ልጁን እጇን ይዞ ወደ እኛ ተሻገረ።

እኛን ሲያይ ተመልሶ ውኃው ውስጥ ገባ።

«ያምጡት እትዬ፣ ይሄ ከራሰ በሳምንትም አይደርቅም» ብሎ ባናውን ተሸክሞ አሻገረልን።

«ወዴት ናችሁ?»

«ልጄን ከተማ ላስተምር ነዋ! ይሄ የኛ ትምህርት ቤትማ… እባክዎ፣ የከብት በረት እኮ ነው!»

ሰውዬው ፈገግ አለ።

«ከብትም እረኛው ደህና ከሆነ ይጠግባል እትዬ» አለና ወደ ልጁ ተመለሰ።

ከተማ ገባን።

አከራይዋ እትዬ ጌታነሽ ክፍሉን አሳየችን። «ከዚህ ትምህርት ቤቱ አምስት ደቂቃ! ደወል ሰምታ ብትነሳ እንኳ ትደርሳለች።»

በሩን ገፋ አደረግኩት። ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም።

«ይሄስ?»

«ይሠራል እህቴ… ዛሬ ነገ ስል ነው።»

እመቤቴ ትጠብቃታለች ብዬ አለፍኩት። ዓይኔ ፎቁ ላይ ነበር…

ባናውን እዚያው አስቀምጠን ልናስመዘግብ ሄድን።

«መሸኛዋስ?» አለኝ መዝጋቢው።

«የምን መሸኛ? ካርዷ ይኸው አይደል?»

«ከነበረችበት ትምህርት ቤት መሸኛ ካላመጣች አንመዘግብም እናቴ።»

ያን ሁሉ መንገድ ባዶ እጃችንን ተመለስን።

በማግሥቱ በጠዋት እስከዳርን ይዤ የመንደራችን ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዳይሬክተሩ አዲስ ናቸው፣ ከመጡ ሳምንታቸው ነው አሉኝ። ቢሮ ገባሁ…

የወንዙ ሰውዬ!

«ኧረ እኔን አፈር ይብላኝ… ትናንት የለፈለፍኩትን…»

«ይቀመጡ እትዬ» አሉኝ። ኪዳነ ወልድ ይባላሉ።

መሸኛውን ጻፉ። ፈረሙ። ማኅተም መቱበት።

«እግዜር ይርዳት» ብለው ሰጡኝ። አልተቆጡም… አልለመኑኝም።

ልወጣ ስል በመስኮቱ ያቺን ልጃቸውን አየኋት። ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ደብተሯን ዘርግታለች።

«ልጅዎ እዚህ ነው እንዴ የምትማረው? ቤታችሁስ?»

«ቤታችንማ ከተማ ነው። ከፎቁ ትምህርት ቤት ጀርባ።»

ደነገጥኩ። እኔ ልጄን ላደርስ ከምለፋበት ደጃፍ በየጠዋቱ ተነሥተው… እኔ ወደናቅሁት ይመጣሉ!

«ስለምን?»

«ሰብሊ ዝምተኛ ናት። እዚያ ሰማንያ ሆነው ሲቀመጡ ትጠፋብኛለች። እዚህ ሠላሳ አንድ ናቸው፤ ዝም ማለቷን እንኳ የሚያይላት መምህር አለ።»

«መንገዱስ? ሰዓት ተኩል እኮ ነው!»

«ቤት ውስጥ አታወራኝም ነበር… መንገድ ላይ ግን ታወራኛለች።»

ወንበራቸውን መታ መታ አደረጉና…

«አልዋሽዎትም፤ የፊዚክስ መምህር ገና አልተመደበልንም። ቤተ ሙከራም የለን። ግን ለሌላ ሰው ልጅ ይበቃል የምለው ትምህርት ቤት ለኔ ልጅ አይበቃም ካልኩ… ምን ብዬ እዚህ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ?»

ወጣሁ። እስከዳር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኳት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?»

እንባዋ ቀደማት።

«እማ… ያ በር ከውስጥ አይዘጋም እኮ።»

አይቼዋለሁ እኮ! በዓይኔ አይቼ ነው ያለፍኩት…

ተመልሼ ገባሁ። መሸኛውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ባናችን ግን ከተማ እትዬ ጌታነሽ ቤት ቀርቷል» አልኳቸው፣ አፍሬ።

ሳቁ። «እሱንማ ነገ ስመጣ ይዤው እመጣለሁ። ሸክሙን ለምጄዋለሁ።»

አመጡት። በትከሻቸው… ወንዙን ተሻግረው።

የፊዚክስ መምህሩ እስካሁን አልመጣም። ዳይሬክተሩ ራሳቸው እያነበቡ ያስተምሯቸዋል። አንዳንዴ ይከፋኛል፤ አልደብቃችሁም።

ወንዙ ሲሞላ፣ ጉሙ መንገድ ሲከለክል ግን ሰብሊ እኛ ዘንድ ታድራለች። ከእስከዳር ጋር በዚያው ባና ውስጥ።

ዝምተኛ ናት የተባለችው ልጅ… ወሬዋ ማንን ያስተኛል!

እኔ የተማርኩት ይህን ነው… ለልጃችን ትምህርት ቤትና መኖሪያ ስንመርጥ፣ ፎቁን ከማየታችን በፊት ማን በስሟ እንደሚጠራት፣ በምን መንገድ እንደምትመላለስ፣ የምትተኛበት በር መዘጋቱን እንይ። ከሁሉ አስቀድመን ደግሞ እሷኑ እንጠይቃት።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ…

መምህሩ የተሟላለት ሩቁ ትምህርት ቤት ይሻላል ወይስ ልጅ እናቷ ቤት እያደረች የምትማርበት ጎዶሎው? በእኔ ቦታ ብትሆኑ መሸኛውን ይዛችሁ ትሄዱ ነበር ወይስ ትመልሱት?