በተራራው ጫፍ የተዘራው አጃ

ውባለም ስንዴ አንጀቷን እያቆሰለ ስለሚጎዳት ያደገችው በጤፍና በአጃ ነበር። ድርቁ ከጸና ወዲህ ግን እህል ሁሉ ሙቀት እንዲችል ከስንዴ ጋር ተዳቀለ፤ ጤፉም፣ ማሽላውም፣ አጃውም። እሷም ድንችና ጎደሬ እየበላች ኖረች። ሴት ልጅ በወለደች ሰሞን ጡቷ ነጠፈ።

የባሏ ታላቅ እህት የዝና ከአርሲ ድረስ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛላት መጣች።

«ጠጪ፣ የኔ እናት። የድሮ አጃ ነው። ከሰው ማሳ ርቀን ተራራው ጫፍ ላይ ዘራንልሽ።»

ውባለም መመርመሪያ ወረቀቷን በኩባያ የተቀዳላት አጥሚት ውስጥ ነከረች። ስንዴ ሲያገኝ የሚቀላው ወረቀት ቀላ።

የዝና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ነፋሱ ቀደመን፤ የተዳቀለውን እህል የአበባ ብናኝ እዚያ ድረስ አድርሶታል» አለች።

ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ውባለም ጥቂት አየቻትና ኩባያውን አንስታ እስከ አተላው ጠጣችው። ሆዷን እየቆረጣት ዋለች፤ ወደ ማታ ግን ወተቱ መጣ፤ ልጅቷም ጠግባ ተኛች።

በማግስቱ አጥሚቱን ደግማ ጠየቀች።

«ይገድልሻል እኮ!» አለች የዝና።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ጥርስ እስክታወጣ ብቆይላት ይበቃኛል።»