ክኒኑና መራራው ቅቤ

ታንካፓን ጥሩ ጀልባ ነጂ ነበር። ችግሩ መመለሱ ነው። ከአላፑዛ ወደብ መንገደኛ ጭኖ ይነሳና ሐይቁ መሀል ሲደርስ ሰው ውሃ ውስጥ የወደቀ ይመስለዋል። እንዳልወደቀ ያውቃል። ቢሆንስ? ይህች «ቢሆንስ» እንደ ትንኝ ጆሮው ስር ትጮኻለች፤ መሪውን ካላዞረ አትተወውም። አዙሮ፣ ውሃውን ቃኝቶ፣ ማንም አለመውደቁን አረጋግጦ ይሄዳል። ጥቂት እንደሄደ ደግሞ በደንብ ያላየ ይመስለዋል።

መንገደኞቹ ለምደውታል።

«ጋሼ ታንካፓን፣» ትለዋለች ዓሣ ሻጯ፣ «ዛሬ ከመውደቄ በፊት ልንገርህ ወይስ ወድቄ?»

አለቃው ግን አልሳቀም። «አሁንም ከተመለስክ ትኬት ቤት ነው የማስቀምጥህ» አለው። ታንካፓን ከውሃ ወርዶ ትኬት ሲቆርጥ መዋልን ሊያስበው አልፈለገም። አባቱም አያቱም እንጀራቸው ውሃ ላይ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ዶክተር ሱሎቻና ዘንድ ላከው። ዶክተሯ በትዕግሥት አዳመጠችው። «ስም ያለው በሽታ ነው» አለችው። «አእምሮ አንድ ሐሳብ ይዞ አልለቅ ይላል። ቀስ ይላል እንጂ ይተኛል፤ አይፍሩ።» ክኒን አዘዘችለት።

ሚስቱ ሳራሳማ ደግሞ ጎትታ ኩንጁራማን ዘንድ ወሰደችው። ኩንጁራማን አዩርቬዳ በሚባለው የባህል ሕክምና አገር ያወቃቸው ሰው ናቸው፤ ጢማቸው ያስረጃቸዋል እንጂ ዕድሜያቸው ያን ያህል አይደለም። የደም ሥሩን በጣታቸው አዳምጠው የሚጠጣ የዕፀዋት ሥር ውሃና በቅጠል የተነጠረ መራራ ቅቤ ሰጡት፤ ዓሣም ከለከሉት። «ቀስ ይላል እንጂ ይተኛል» አሉት።

«ሁለቱንም ውሰድ» አለች ሳራሳማ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማህም?»

መንጠልጠሉስ ባልከፋ፤ ሁለቱም ሐኪሞች ጠያቂዎች ሆኑበት እንጂ። «የእንግሊዝ መድኃኒት ትወስዳለህ?» አሉት ኩንጁራማን። በዚያ አገር ክኒን ሁሉ እንግሊዝ ነው። ታንካፓን እንዳያባርሩት ፈርቶ «ኧረ በጭራሽ» አለ። ዶክተሯም «የባህል መድኃኒት የሚወስዱት አለ? አብረው የማይሄዱ አሉ፤ ደብቀው ራስዎን እንዳይጎዱ» አለችው። እዚያም «የለም» ብሎ ማለ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱን «ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሎ አስጠነቀቃት።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ግራ ያጋባው። ዶክተሯ ክኒኑን ከፍ ያደረገችለት ጊዜ፣ ኩንጁራማን በማግስቱ «የሥሩን ውሃ ተወው፤ ቅቤው ብቻ ይበቃሃል» አሉት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ለኩንጁራማን ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል ብሎ ሲያማርር ደግሞ፣ ዶክተሯ ገና ሳይቀመጥ «ክኒኑን ወደ ማታ ያዙሩት» አለችው።

«አንቺ ነሽ» አላት ሳራሳማን።

«እኔ ምን?»

«ወሬ የምታመላልሺው። ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?»

«መመላለስ ያንተ ሥራ ነው፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለችና ሩዙን ማበጠሯን ቀጠለች።

አላመናትም። እሱ ሲገባ ስልኳን ትዘጋለች። ገበያ ብላ ወጥታ ትቆያለች። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የሚሉት ይህ ነው ብሎ አሰበ፤ ግመሉን የሰረቀው ማን እንደሆነ ረስቶት።

ወጥመድ አዘጋጀ። ለዶክተሯ ብቻ፣ በጉንፋን ታፍና እየሳለች ሳለ፣ «በሕልሜ ዓሣ ስበላ አድራለሁ» አላት። ለሚስቱ ቃል አልተነፈሰም። በዚያው ሳምንት ኩንጁራማን ዘንድ ሄደ።

«በሕልም መብላትማ አልከለከልኩህም» አሉት ኩንጁራማን፤ ቀጠሉና አስነጠሱ። የዝናብ ወር ነበርና አገሩ ሁሉ ያስነጥሳል።

ታንካፓን እያዘነ ወደ ቤቱ ሄደ። በእንቅልፍ ልቤ ሳወራ ሰምታኛለች ማለት ነው፣ አለ። ከገዛ ሚስቱ ጎን ተኝቶም የሚያርፍበት አጣ።

እሑድ አለቃው ራሱ ጀልባው ላይ ወጥቶ ከጎኑ ቆመ። «ዛሬ በዓይኔ አያለሁ» አለ። ገመዱ ሊፈታ ሲል ዶክተር ሱሎቻና ጥላ ይዛ ገባች። ወዲያው ኩንጁራማን ቅርጫት አንጠልጥለው ተከተሉ። ሳራሳማ ዳር ላይ ቆማ እጇን ታውለበልባለች። ሁለቱን አገናኝታ አዋረደችኝ፣ አለ ታንካፓን በሆዱ።

ሐኪሞቹ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዶክተሯ ወደ እሱ አመለከተች። ኩንጁራማን ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሸቱ ፊታቸው ላይ ሲገላበጥ የታየው መሰለው፤ አፈረ።

ሐይቁ መሀል ላይ «ቢሆንስ» መጣች። ሰው ወድቆ ቢሆንስ? እጁ መሪውን ሊያዞር ጀመረ። አለቃው ዓይኑን አልነቀለም። ታንካፓን ሁለት ጊዜ ትንፋሹን ሳበ። ትጩህ፣ አለ፤ ስትደክም ትተኛለች። መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ። እሷም ጮኸች፣ ጮኸች፣ እየራቀች ሄደች። ማዶው ወደብ ሲደርሱ ዓሣ ሻጯ ዘንቢሏን አንስታ «ዛሬ ምነው ቶሎ ደረስን?» አለች።

አለቃው ትከሻውን ቸብ አደረገው። «ነገም ጀልባህ ላይ ነህ» አለው። ታንካፓን ዕንባው መጣ። አሁን የቀረው ሁለቱን ይቅርታ መጠየቅ ነበር። ቃሉን እያዘጋጀ ከነጂው ክፍል ወረደ። ሐኪሞቹ ጀርባቸውን ሰጥተውት ከወደቡ ጫፍ ቆመዋል።

«ያዳነው ክኒኔ ይሁን ቅቤህ ቤታችን ገብተን እንጨቃጨቅበታለን» አለቻቸው ዶክተር ሱሎቻና ኩንጁራማንን ጥላዋን እያስያዘቻቸው፤ «አሁን ፍጠን፣ ልጆቻችን እናቴ ጋ ምሳ ሳይበሉ እየጠበቁን ነው።»